ጥያቄ ቁጥር ዘጠኝ

የገንዘብ ድጋፍ መጠየቂያ ቅጹ ስምንት ገጽ ነበር። ልጇ ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅራ ጥያቄዎቹን ጮክ ብላ ታነብላታለች፤ እናትየዋ የታጠበ እጇን በፎጣ እያደራረቀች ትመልሳለች። እስከ ስምንተኛው ጥያቄ ድረስ ሥራው ያለ ችግር ሄደ።

«ዘጠኝ» አለች ልጇ። «በዚህ ሥራ ምክንያት ከዚህ ቀደም በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት አለ? ካለ ይግለጹ።»

እናት ፎጣውን አጣጥፋ እንደገና ፈታችው።

«እማዬ፣ ሰማሽኝ?»

«ሰምቻለሁ። የለም በይ።»

ልጇ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ስለሆነች ከጠዋት እስከ ማታ ውሸት ስትሰማ ነው የምትውለው። የእናቷን ግን አልጠረጠረችም። «የለም» ብላ ጻፈችና ወደ አሥር አለፈች።

እናትየዋ በዩኒቨርሲቲው የመካኒካል ወርክሾፕ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራች ቴክኒሻን ናት። ተማሪዎች «እትዬ ብሎን» ይሏታል። ከተሰበረ ዕቃ ላይ የተፈታ ብሎን ሲጣል ካየች ቀኗ ይበላሻል። ታነሳዋለች፣ በናፍታ ታጥበዋለች፣ ልክ በልኩ ለይታ በጣሳ ታስቀምጠዋለች። ብየዳ ላይ እጇ አይንቀጠቀጥም፤ ምላሷም አይምርም። «ይሄ ብየዳ ነው ወይስ ማስቲካ ለጥፈህበት ነው?» ያልተባለ ተማሪ ከዚያ ወርክሾፕ አልተመረቀም።

ከግቢው አጥር ማዶ ባለው ሆስፒታል፣ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ የተሰባበሩ አሥራ ዘጠኝ ዊልቸሮች ተደራርበው ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቅባቸው ነበር። ለሚያስፈልገው ሰው ልትሰጥ አስፈቅዳ ሦስቱን በምሳ ሰዓቷና በቅዳሜዋ ጠገነች። ዩኒቨርሲቲው ለአካባቢው ሕዝብ ለሚጠቅም ሥራ አነስተኛ ድጋፍ እንደሚሰጥ፣ መምህር ያልሆነ ሠራተኛም ማመልከት እንደሚችል ማስታወቂያ ሲለጠፍ፣ ያያት ሁሉ «ይሄማ ለአንቺ የወጣ ነው» አላት። የቀሩት አሥራ ስድስቱ ጎማ፣ ኩሽኔታና የመቀመጫ ሸራ ብቻ ነው የሚያስፈልጋቸው።

ሦስተኛው ዊልቸር የደረሰው ለጎረቤቷ ለልብስ ሰፊዋ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ እግሯ አይታዘዝላትም፤ የምትኖረው በእጅ በሚዞር የስፌት መኪና ነው። ወንበሩን ካገኘች በአራተኛው ሳምንት፣ ከፋርማሲው በታች ባለው ቁልቁለት ላይ የፊት ትንሿ ጎማ ተነቅላ ወጣች። ሰፊዋ በግንባሯ ተደፋች፤ ራሷን ለማዳን የዘረጋችው ቀኝ እጇ ከአንጓው ተሰበረ። ሁለት ወር በጀሶ ቆየች። ሰው ሁሉ መንገዱን ረገመ። ራሷም ረገመችው፤ ጉድጓዱ እውነትም ጉድጓድ ነበር።

እትዬ ብሎን ግን የዚያኑ ቀን ወንበሩን ልታነሳ ስትሄድ፣ ተሰብሮ የቀረውን ብሎን ከመያዣው ውስጥ አወጣችው። አንድ ጊዜ ማየት በቃት። ስብራቱ ግማሹ ጥቁርና የዛገ ነው፤ ግማሹ ያብለጨልጫል። ጥቁሩ የቆየ ስንጥቅ ነው። ከጣሳዋ አውጥታ ስታስረው ቀድሞውኑ ተሰንጥቆ ነበር ማለት ነው። ኪሷ ከተተችው። ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ማመልከቻው የሚዘጋው ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የመካኒካል ምህንድስና ክፍሉ ኃላፊ ካልፈረመበት ደግሞ ዋጋ የለውም። ኃላፊው ወጣት ዶክተር ነው፤ በተማሪነቱ ብየዳ ያስተማረችው እሷ ናት። ወረቀቱን ገጽ በገጽ አገላብጦ አየ።

«እትዬ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን አንድ ሰው ቢወድቅ የሚጠየቀው ክፍሉ ነው። እስካሁን የወደቀ ሰው አለ?»

«የለም።»

 እሱ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ፈረመ። ከሕንፃው እየሮጠች ወጥታ፣ ሊዘጋ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ማመልከቻውን አስገባች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልክ ተደወለላት። ከተመረጡት አንዷ ናት፤ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ፊት ቀርባ በአሥር ደቂቃ ታስረዳለች። ወርክሾፑ በጭብጨባ ተናጋ። እሷ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ አልሆንላት አለ። ብረት ስትበሳ መሰርሰሪያ ሰበረች፤ ምንም ባላጠፋ ተማሪ ላይ ጮኸች።

«ምን ሆነሻል?» አለቻት ልጇ።

«ፈተና ያለበት ሰው ምን ይሆናል?»

ረቡዕ ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ሰፊዋ ቤት ሄደች። ጀሶው ተፈቷል፤ አንጓው ግን ገና አልለመደም። ሰፊዋ መኪናውን ሦስት ጊዜ ታዞርና ታርፋለች።

«ግቢ እንጂ! ነገ ነው አሉ አይደል?»

እትዬ ብሎን አልተቀመጠችም። የተሰበረውን ብሎን አውጥታ በሚሰፋው ጨርቅ ላይ አኖረችው።

«የጣለሽ መንገዱ አይደለም። ይሄ ነው። አሮጌ ነበር። ያሰርኩትም እኔ ነኝ።»

ሰፊዋ የመኪናውን እጀታ ለቀቀች። ብሎኑን አንስታ አገላበጠችው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«የዚያኑ ቀን።»

«ሾርባ ስታመላልሺልኝ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ጸጉሬን ስታበጥሪልኝም?»

«አዎ።»

 ሰፊዋ ብሎኑን ጨርቁ ላይ መልሳ አኖረችው።

«ነገ ልትናገሪ ነው ወይስ ዝም በይልኝ ልትይኝ ነው የመጣሽው?»

«ልናገር ነው። ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው።»

«እሺ፣ ሰማሁ። በይ አሁን ውጪልኝ። ይሄንንም ይዘሽልኝ ውጪ።»

በማግሥቱ አምስት ሰዎች ከረጅም ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠው ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ሊደግፋት መጥቶ ጥግ ይዟል። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ የሕክምና ፕሮፌሰር ናቸው። «ይቀጥሉ፣ ጊዜው የእርስዎ ነው» አሏት።

«ከመጀመሬ በፊት ጥያቄ ቁጥር ዘጠኝን ላርም። የለም ብዬ ነው ያስጻፍኩት። አለ።»

ወረቀቶች ተገለጡ። ስለ ቁልቁለቱ፣ ስለ ሰፊዋ እጅ፣ ስለ ጥቁሩ ስንጥቅ አንድ በአንድ ነገረቻቸው።  ወደ ጥጉ ግን ዞር ብላ ማየት አልቻለችም።

ከኮሚቴው አንዱ ብዕሩን አስቀመጠ። «ባይነግሩን ኖሮ ማናችንም አናውቅም ነበር። ለምን ነገሩን?»

«ሁሉ ነገር ደህና ነው ብዬ ገንዘቡን ብወስድ፣ አዲስ ብሎን ግዢ ብሎ የሚያስገድደኝ አይኖርም። እኔ ደግሞ ራሴን አውቀዋለሁ፤ እጄን የምከተው ያው ጣሳዬ ውስጥ ነው። እዚያ ውስጥ ስንቱ እንደተሰነጠቀ አላውቅም። በዓይን አይለይም።»

ውጭ እንድትጠብቅ ነገሯት። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፈተና ኃላፊው ወጣ። ፊቱ ደም መስሏል።

«ጠይቄዎት ነበር እትዬ። ዓይንዎን እያየሁ ጠይቄዎት ነበር።»

«ጠይቀውኛል። ዋሸሁዎት ዶክተር።»

«የፈረምኩት እኮ እኔ ነኝ!»

«አውቃለሁ።»

 እሱ ተመልሶ ገባ። ድምፆች በበሩ ሾልከው ይሰማሉ፤ አንዳንዴ የሱ ድምፅ ከፍ ይላል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ምን እያለ እንደሆነ ለመገመት እንኳን ድፍረት አጣች። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ጸሐፊዋ ብቅ ብላ ደብዳቤ እንደሚደርሳት ነገረቻት።

ደብዳቤው ስምንት ቀን ፈጀ። እጇ ሲገባ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አነበበችው። አልከለከሏትም፤ የጠየቀችውንም ሁሉ አልሰጧት። ለጊዜው ለስምንት ወንበሮች የሚሆን ብቻ ነው። ያገለገለ ብሎን አይገባም። እያንዳንዱ ወንበር ሸክም ተጭኖበት ሳይፈተን፣ መሐንዲስም ሳይፈርምበት አይወጣም። ቀሪው ከስድስት ወር በኋላ ይታያል። የሚፈርመው መሐንዲስ ስም ከታች ተጽፏል፤ የክፍሉ ኃላፊ ነው። ለካ ያን ቀን ተመልሶ የገባው ይህን ሊል ኖሯል።

«አንድ አሮጌ ብሎን ባይ ብዕሬን አስቀምጣለሁ» አላት። ፊቱ ላይ ፈገግታ አልነበረም።

ጣሳዎቿን አንድ በአንድ ወስዳ ቁርጥራጭ ብረት ወደሚጣልበት በርሜል ገለበጠቻቸው። ተማሪዎቹ ሥራ አቁመው አዩዋት። የሚቀልድ አልተገኘም።

የመጀመሪያው ወንበር አሸዋ በሞላ ጆንያ ተጭኖ በሳንቃ ቁልቁለት ላይ መቶ ጊዜ ወጣ፣ ወረደ። በሦስተኛው ቀን ሰፊዋ በተዋሰችው ወንበር ላይ ሆና፣ እህቷ እየገፋቻት ወርክሾፑ በር ላይ ደረሰች።

«አሸዋ አይናገርም» አለች። «ሰው ነው መቀመጥ ያለበት።»

«አንቺማ አትቀመጪም!» አለች እትዬ ብሎን።

«ይቅር ብዬሽ እንዳይመስልሽ። የሚቀጥለው ሰው እንዳይወድቅ ብዬ ነው የመጣሁት። አውርዱልኝ ጆንያውን።»

ኃላፊው ከቢሮው ወጥቶ መጣ። ሁለት ሰዎች ሳንቃው ግራና ቀኝ ቆሙ። እትዬ ብሎን ከታች ተንበርክካ እጆቿን ዘረጋች፤ አይኖቿ ከትንሿ ጎማ ላይ አልተነሱም። ሰፊዋ ከላይ ሆና ጎማውን ለቀቀችው። ሳንቃው ጮኸ። ወንበሩ ወረደ፣ ከታች ያለውን ጠርዝ ነጥሮ አለፈ፣ ቆመ።



«ወደ ግራ ይጎትታል» አለች ሰፊዋ። «መደገፊያውም ወገብ ይቆርጣል። ድገሚው።»

ስምንቱንም እንደዚሁ ፈተነቻቸው፤ አንዱን አምስት ጊዜ መለሰችው። በስድስት ወር ውስጥ ከወጡት አንድም ጎማ አልወለቀም፤ ኮሚቴውም ቀሪውን ፈቀደ። ሾርባና ጸጉር ማበጠር ግን አልተመለሰም። ሰፊዋ ስለ ወንበር ብቻ ታወራለች፤ እትዬ ብሎንም ከዚያ በላይ አትጠይቃትም።

ስምንተኛው ወንበር የደረሰው ሁለት ዓመት ከቤት ላልወጡ ጡረተኛ ፖስተኛ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት የወጡት ሰውዬ ገበያውን፣ የድሮ መሥሪያ ቤታቸውንና የሦስት ወዳጆቻቸውን በር አዳርሰው የተመለሱት አመሻሽ ላይ ነበር። ባለቤታቸው በማግሥቱ ወደ ወርክሾፑ ስልክ ደውለው፣ «ለዚህ ሰውዬ ፍሬን አላበጃችሁለትም እንዴ?» ብለው ተቆጡ።