ሚስቴን ያስለቀሰው የእንግሊዞች አትክልት ስፍራ

ረቡዕ ንጋት፣ ስካይዌይ፣ ሲያትል አጠገብ

ገና አልነጋም። ዝናቡ እንደ ልማዱ ያካፋል። ሻንጣ መኪና ላይ እየጫንኩ ሳለ ባለቤቴ ሂሩት በአዲስ ሰማያዊ ካፖርት ብቅ አለች። ሂሩት ሆስፒታል ኪችን ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ለራሷ ካፖርት ስትገዛ አይቼ አላውቅም። ሽቶም ተቀብታለች።

«ለአውሮፕላኑ ነው ይሄ ሁሉ?» አልኳት።

«ለእንግሊዝ ነው» አለች እየሳቀች።

ለሳምሶን ነው አልኩ በሆዴ።

ሳምሶን የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ነው። ስለ ዕፅዋት አብረው ተምረው፣ እኛ በዲቪ ወደ ሲያትል ስንመጣ እሱ እንግሊዝ ገባ። ዛሬ ገጠር ውስጥ ባለ ጥንታዊ የመሳፍንት ቤት አትክልተኛ ነው። በየጊዜው ፎቶ ይልክላታል። ጽጌረዳ፣ ኩሬ፣ ያረጀ የወይን ተክል። አልፎ አልፎ ራሱም ፎቶው ውስጥ ይገኛል፤ ቁመቱ ሎጋ፣ ጸጉሩ ምንም ያልሳሳ። ታዲያ «ለዕረፍት የት እንሂድ?» ብዬ ስጠይቃት መልሱ አፏ ላይ ነበር።

እኔ የኤርፖርት ሻትል ሹፌር ነኝ። ሰው ወደየአገሩ ሲሄድ ስሸኝ ኖሬአለሁ። ተራዬ ደርሶ ስሳፈር ግን የማስበው ሳምሶንን ነበር።

ዓርብ ጠዋት፣ ከለንደን ወደ ገጠር

አንድ ሌሊት ለንደን አድረን ባቡር ያዝን። ቁርሳችን ቀዝቃዛ የእንቁላል ሳንድዊች ነው። በመስኮቱ በግ፣ አረንጓዴ ሜዳ፣ ደግሞ በግ ያልፋል። ሂሩት መስታወቱ ላይ ተለጥፋ የዛፍ ስም ትጠራለች። መጨረሻ ጣቢያ ላይ ታክሲ ያዝን። መንገዱ ግራና ቀኙ በቁጥቋጦ አጥር ታጥሮ እንደ ቦይ ጠቧል፤ ሁለት መኪና አያሳልፍም።

ሹፌሩ ሽማግሌ እንግሊዛዊ ነው። የሂሩትን ካፖርት በመስታወት አየና «ለሠርግ ነው የምትሄዱት? ቅዳሜና ዓርብ እዚያ ሠርግ አይጠፋም» አለ።

«ጓደኛዋን ልናይ ነው» አልኩት።

«እድለኛ ጓደኛ!» አለ። ከዚያ በኋላ አላናገርኩትም።

ዓርብ ረፋድ፣ ግቢው ውስጥ

ሳምሶን በሩ ላይ በቡትስ ጫማ ቆሞ ጠበቀን። «ሂሩትዬ!» ብሎ አቅፎ ሳማት፤ ስሞም ቶሎ አልለቀቃትም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ጎንበስ አለ።

«ጋሽ ተፈራ፣ እንኳን ደህና መጡ! መንገዱ አደከመዎት?»

አንቱ! ሂሩትን በጥቂት ዓመት ብበልጣት ነው። በዚያች ሰላምታ ግን አባቷ ሆኜ አረፍኩት።

ቤቱ የማር ቀለም ባለው ድንጋይ ተሠርቷል። ጭስ ማውጫው ብቻ አንድ ሰፈር ይመስላል። ከፊት ለፊቱ ሣር፣ ከሣሩ ወዲያ ሐይቅ። ሐይቁን ያስቆፈሩት የጥንቶቹ ባለቤቶች ናቸው አለን ሳምሶን። አንድ መንደር እይታቸውን ስለከለለባቸው ሰዎቹን ከነቤታቸው አስነሥተው ወደ ማዶ አሰፍረዋቸዋል። እኔ ከጓሮዬ የብላክቤሪ እሾኽ ማስነሣት አቅቶኛል! በእንግሊዞቹም ቀናሁ።

ሁለቱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። የሚያወሩት በላቲን የዕፅዋት ስም ነው። በኦሮምኛ ቢሆን እንኳ ጥቂት እሰማ ነበር። እሱ አንዱን ቅጠል ይይዛል፣ እሷ ስሙን ትጠራለች፣ ተያይተው ይስቃሉ። ንዴቴ ሲብስ ላሞች ወደሚግጡበት ሜዳ ብቻዬን አቀናሁ። ሣሩ ከእግሬ ሥር እስከ ላሞቹ ድረስ አንድ ወጥ ነው የሚመስለው። ድንገት አንድ እጅ ክንዴን ጨምድዶ ወደ ኋላ ሳበኝ።

«ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ! ገደል ነው!» አለ ሳምሶን።

እውነትም ከፊቴ በድንጋይ የተገነባ ጥልቅ ቦይ አለ። ከብቱ እንዳያልፍ፣ አጥሩም ከቤቱ መስኮት እንዳይታይ ተብሎ የተሠራ ነው። ያዳነኝ እሱ መሆኑ ከመውደቁ ባሰብኝ።

በጡብ ግንብ ወደታጠረው የአትክልት ክፍል ስንገባ የፒር ፍሬ ዛፎች እጃቸውን ዘርግተው ግድግዳው ላይ ተጣብቀዋል። ከመሐል አንድ መደብ ላይ ቅጠሉ ከሰው በላይ የሆነ ተክል ቆሟል። ሂሩት ጮኸች።

«እንሰት! ሳምሶን፣ እንሰት ነው!»

«ለጌጥ ነው። ክረምት ሲመጣ መስታወት ቤት አስገባዋለሁ» አለ። ቀጥሎም ሻይ ሊያመጣ ሄደ።

እኔ ጽጌረዳውን ፎቶ ሳነሣ ሂሩትን አጣኋት። ስዞር ከእንሰቱ ጀርባ መሬት ላይ ቁጭ ብላለች። ታለቅሳለች።

«ትወጂዋለሽ?» አልኳት። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም።

«ማንን?»

«ሳምሶንን ነዋ!»

አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ በእንባዋ ውስጥ ሳቋ መጣ።

«ተፌ፣ እኔ እኮ ቀናሁበት! ገባህ? ቀናሁበት! አብረን ተምረን እሱ ቀኑን ሙሉ አፈር ሲነካ ይውላል። እኔ ትሪ ሳጥብ እውላለሁ። የሆስፒታሉ የጤና ኢንሹራንስ ጥሩ ነው፣ ኢንሹራንሱ ጥሩ ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖርኩ።»

መጀመሪያ ቀለል አለኝ። ሚስቴን የወሰደብኝ ሰው የለም። ቀጥሎ ሌላ ቅናት መጣ፣ ከፊተኛው የከበደ። ለእኔ እንዲህ አልቅሳ አታውቅም፤ በቅጠል ቀናሁ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። መሬቱ ረጥቧል። ሱሪዬ እስኪበሰብስ አልተነሣሁም።

ሳምሶን ሻይ ይዞ ሲመለስ ቀድሜ ተናገርኩ። «ወንድሜ፣ ይሄን ሥራ ሰው ከየት ነው የሚጀምረው?»

«እኔ ቅጠል በመጥረግ ነው የጀመርኩት፣ በፈቃደኝነት» አለኝ። «ግን አትክልት ስፍራ ሲያትልም ሞልቷል እኮ ጋሼ! ያ ዝናብ ለተክል ወርቅ ነው። ሂሩትዬ ከጠየቀች ማን እምቢ ይላታል?»

አንቱታውን አልተወም። እኔም መከፋቴን አልተውኩም። ግን ሻዩን ጠጣሁለት።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ሲያትል ኤርፖርት

የጉምሩክ መኮንኗ ወጣት ሴት ናት። «እርሻ ወይም ከብት ያለበት ቦታ ረግጣችኋል?» ብላ ጠየቀች። እኔ «ኖ» ልል አፌን ስከፍት ሂሩት «የስ» አለች፤ እግሯን አነሣች። ሶሉ ላይ የእንግሊዝ ጭቃ ደርቋል። የከብት በሽታ ይዞ እንዳይገባ ጫማዋን ሊያጥቡት ወሰዱት፤ ቆመን ቀረን፣ እሷ በካልሲዋ፣ እኔ ከነጭንቀቴ።

«ሥራሽ ምንድን ነው?» አለቻት መኮንኗ።

ሂሩት እኔን አየችኝ። ከዚያ ቀና ብላ «አትክልተኛ» አለች።

«የት?»

«ገና እየፈለግሁ ነው።»

መኮንኗ ፈገግ ብላ «ጉድ ላክ» አለቻት። የታጠበውን ጫማ ስታመጣ እኔ ቀድሜ ተቀበልኩ። ከሰልፉ ፊት ተንበርክኬ አጠለቅሁላት፤ ክሩንም ማሰር ጀመርኩ።

«ተፌ ተነሥ! ሰው ያያል እኮ!»

«ይይ» አልኳት። «ይቅና!»