የጎረቤቴ ልጅ ጉድጓድ

ከወሎ በሰፈራ መጥቼ አሶሳ ዙሪያ አረጀሁ። እዚህ ስለነበረ አንድ ሰውዬ ከእኛ ወዲያ የሚያውቅ ብዙ የለም። ወርቅ ከሚቆፈርበት ቦታ ሻይ ያፈላ ነበር። ለስላሳ ሰው፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ቀድሞ የሚተክል። እሱ ቤት ያደረ ብቸኛ ቆፋሪ ሲጠፋ «ናዳ በላው» ይልና የተደረመሰ ጉድጓድ ያሳያል። እዚህ ደግሞ ሰው ያስቀረ ጉድጓድ አይከፈትም። ሌላ ሰው ይጨምራል ይባላል፤ አፉ ላይ ዱዓ ተደርጎ በእሾህ ይታጠራል። ይህን አውቆ ነው ስንት ዓመት ለወርቅ ብሎ ሰው የፈጀው።

አንዱ ቆስሎ ሲያመልጥ ሰውየው ተያዘ። ፖሊሶች ይዘውት ሲዞሩ የቀበረበትን ጫካ ሁሉ አሳየ።

እርሻ የሚያዋስነኝ ጎረቤቴ የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ሰው ነው። የእሱም ልጅ ናዳ በላው ተብሎ ነበር። እናቱ ሰደቃውን አውጥታ፣ እርሟን አውጥታ ተቀምጣለች። ልጁ ቀርቶበታል የተባለው ጉድጓድ ጋ ከፖሊሶቹ ጋር ስንደርስ ሰውየው ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄን አልነካሁም። የእውነት ናዳ ነው።»

ጎረቤቴ ወደ እኔ ዞረ። «ወንድሜ፣ እንክፈተው።»

«ተው፤ እናቱ አንዴ አርፋለች» አልኩት።

«ሚስቴ አርፋለች። እኔ አላረፍኩም።»

እሾሁን የሚያነሳ ጠፋ። አንዱ ቆፋሪ፣ «ዛሬ ሁለት ሽማግሌ ሊጨመርበት ነው» አለ።

«ይጨመር» አለ ጎረቤቴ። «የወርቅ ጥርስ የለኝ፤ ማንም መልሶ አይቆፍረኝም።»

ቆፋሪዎቹ ሳቁና አካፋ ይዘው ገቡልን። ከሰዓት በኋላ ድረስ ቆፈሩ። የጉድጓዱ ወለል፣ ጠንካራው ድንጋይ ተገኘ፤ ልጁ ግን የለም። አጥንትም፣ ጨርቅም የለም።

ፖሊሱ ሰውየውን መልሶ ጠየቀው። ሰውየው ጉድጓዱን አየት አድርጎ፣ «እንግዲህ ብዙ ናቸው፤ ረሳሁት» አለ። በክፋት ቢለው ይሻለኝ ነበር። ዕቃ የት እንዳስቀመጠ እንደጠፋበት ሰው ነው ያለው።

ስንመለስ የልጁ እናት ጉድጓዱ መከፈቱን ሰምታ ከፈኑን ታቅፋ ደጅ ቆማለች።

«የለም» አላት ባሏ።

ከፈኑን መልሳ አጣጠፈችው። ከዚያ፣ «እዚያ ከሌለማ አልሞተም» አለች።

ጎረቤቴ ቀና ብሎ አየኝ። ሞቷል እንድንላት ምን ይዘን መጣን?

አሁን ማታ ማታ የልጇን ገንፎ ከድና ታስቀምጣለች። ጎረቤቴ ጠዋት እሷ ሳትነሳ ይነሳና የደረቀውን ለዶሮ ይሰጣል። እርሻ ላይ ስንገናኝ ስለ ማሽላው ብቻ ነው የምናወራው።