በኣቦይ ገብረሃንስ ወገብ ላይ የታሰረች ባትሪ

ማዘንጊያ ከደሴ ወደ መቀሌ የመጣው በውሃ ሥራ ተቀጥሮ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ዓይናለም በሚባለው ቦታ ካሉት የውሃ ጉድጓዶች ያንዱ ፓምፕ ሲቆም ኤሌክትሪኩን ከፍቶ የሚያየው እሱ ነበር። ዓመታት ኖሮ እዚያው ኣብርሀትን አገባ። የሚስቱ ዘመዶች ግን ጋብቻውን በሙሉ ልብ አልተቀበሉትም። አገሩ ሩቅ፣ ወገኑ የማይታወቅ፣ ትግርኛው የሚያስቅ ሰው ነበር። «ሥራ የሚወድ ሰው ባይተዋር አይባልም» ብለው ልጃቸውን የዳሩለት አባትየው፣ ኣቦይ ገብረሃንስ ብቻ ናቸው።

ኣቦይ ገብረሃንስ ዕድሜያቸውን በመምህርነት የጨረሱ ሰው ናቸው። በዘመድ አዝማድ ሰርግ ላይ ተነሥተው ካልመረቁ ሰርጉ ሰርግ አይመስልም ነበር። ታዲያ ጡረታ በወጡ ማግስት አንገታቸው ላይ ላበጠው እንቅርት ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸውና ድምፃቸው ጠፋ። የቀረቻቸው ጆሮ ካላስጠጉ የማትሰማ ሹክሹክታ ናት። ከዚያ በኋላ ሰው የተሰበሰበበት ቦታ መሄድ ተዉ።

ማዘንጊያ ይህን ማየት አልቻለም። እጁ ሥራ አይፈታም፤ የተጣለ ሬዲዮ ያናግራል፣ ከጄሪካን ማራገቢያ ይሠራል። የወንድማቸው ልጅ ሰርግ ለጥር ሲቆረጥ፣ ለአማቱ ወገብ ላይ የምትታሰር ድምፅ ማጉያ ሊሠራላቸው ተነሣ። ማይኩን ከአሮጌ የጆሮ ማዳመጫ፣ ስፒከሩን ከተሰበረ ቴሌቪዥን አወጣ። ለኃይሉ ደግሞ የሞተ የላፕቶፕ ባትሪ ሰብሮ፣ በውስጡ ያሉትን አውራ ጣት የሚያካክሉ የባትሪ ድንጋዮች አንድ በአንድ በቴስተር ለካ። አብዛኞቹ አልቀዋል። ሁለቱ ግን ቻርጅ ያዙለት፤ እነሱን አጋጥሞ በየዳቸውና በፕላስቲክ ናስትሮ ጠቀለላቸው።

እንዲህ ያለ ባትሪ ባዶውን እንደማይሠራበት ያውቃል። ሲግል ወይም ሽቦው ሲነካካ ኃይሉን የምትቆርጥ ትንሽ ቦርድ ያስፈልገዋል። ቦርዷ መቀሌ አልተገኘችም፤ ከአዲስ አበባ ላስመጣ ቢል ሰርጉ ያልፋል። «ለአንድ ቀን ምን ትሆናለች?» አለ። ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሞከራት። ሲዳስሳት ለብ ብላለች። ለብ ማለት ያለ ነው ብሎ ራሱን አሳመነ።

የሰርጉ ዕለት እንዳ ኢየሱስ ሰፈር በተጣለው ዳስ ውስጥ ኣቦይ ገብረሃንስ ተነሡ። ከወገባቸው፣ ከነጠላው ሥር፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የመምህሩ ድምፅ ወጣ። ትንሽ ይሻክራል እንጂ የራሳቸው ድምፅ ነው። ዳሱ በእልልታ ተናጋ። ጋብቻውን ከሁሉ አብልጠው ይቃወሙ የነበሩት አክስት፣ ኣደይ ለተብርሃን፣ የማዘንጊያን እጅ ይዘው ሳሙት።

«ኢድካ ይባረኽ! እጅህ ይባረክ! ለቤተ ክርስቲያናችንም ትሠራልናለህ።»

«እሠራለሁ፣ ኣደይ። ምን ችግር አለው!»

ሌላውም መጣ፣ ለዕድሩ ፈለገ። ማዘንጊያ ለሁሉም ቃል ገባ። በመሐል ቀና ሲል ኣቦይ ገብረሃንስ የዳሱን ምሰሶ ጨብጠዋል፤ ግንባራቸው በላብ ርሷል፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ሆድ ብሷቸው ነው ብሎ የእሱም ዓይን እንባ አቀረረ። ሽማግሌው ምርቃቱን አላሳጠሩም። ሙሽሮቹን መረቁ፣ ሁለቱንም ወገን መረቁ። በመጨረሻም «ይህችን ድምፅ የሰጠኝ ወደይ፣ ልጄ ማዘንጊያ ነው» አሉና ቁጭ ብለው ቀበቶውን ፈቱ።

ማዘንጊያ ለአንዱ እንግዳ ሊያሳይ ዕቃዋን ብድግ ቢያደርጋት ጣቱን ፈጀችው። ናስትሮው ቀልጦ ተጣብቋል። አማቱ ከእሱ ብዙም አይርቁም፤ ጠጋ ብሎ «ኣቦይ፣ ደኅና ነዎት?» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ግን ኣደይ ለተብርሃን አጠገቡ ቆመው አሁንም ያመሰግኑታል። ጣቱን እፍ እፍ አለና ዕቃዋን ከዳሱ ጀርባ መሬት ላይ አኖራት። ከተፈታች በኋላ ነው የጋለችው ብሎ ለራሱ ነገረው። ተመልሶም ገብቶ ሣቀ።

በማግስቱ ኣብርሀት ከወላጆቿ ቤት ስትመጣ ፊቷ ሌላ ነው።

«አባቴን አቃጠልከው» አለች።

«ምን?»

«ወገቡ ውሃ ቋጥሯል። ሸሚዙን ስናወልቅ ቆዳው አብሮ ተነሣ።»

«ታዲያ ለምን አልፈቷትም?»

«እናቴም ጠየቀችው። ‹ሰው ሁሉ ማዘንጊያን እያየ ነበር፤ እንዴት ፈትቼ አዋርደዋለሁ› አላት።»

ማዘንጊያ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ያ ላብ፣ ያ እንባ፣ ያ ምሰሶ ምን እንደነበር ገባው። ሽማግሌው ሥጋቸው እየተጠበሰ የእሱን ስም ሲያነሡ፣ እሱ ትእዛዝ ይቀበል ነበር።

ከዚያ ወዲያ ከሰው ሸሸ። ከዓይናለም ሲመለስ በአማቶቹ ደጅ ላለማለፍ በሌላ መንገድ ይዞራል። ዕቃ እንዲሠራላቸው የሚደውሉለትን «ዕቃው ጠፋ» እያለ ይዋሻቸዋል። ምስጋናቸው ከስድብ ይልቅ ያመው ነበር። በመጨረሻ ኣብርሀት «አባቴ ‹ምነው ቀረ› እያለ ነው። እስከ መቼ ትደበቃለህ?» ብላ ገፋችው።

ሲገባ ኣቦይ ገብረሃንስ በጎናቸው ተኝተዋል። ጆሮውን ወደ አፋቸው አስጠጋ።

«ጥቂት ሞቃ ነበር» አሉት በሹክሹክታ፣ ፈገግ ብለው። «አንተ በምን ታውቃለህ፣ ወደይ። ደግመህ ሥራልኝ።»

ማወቁን ሊነግራቸው አፉን ከፈተ። ፈገግታቸውን አየና ተወው። «እሺ፣ ኣቦይ» ብሎ ብቻ ወጣ።

የሚስቱ እናት ኣደይ አስካለማርያም እስከ ውጭው በር ሸኙት። በሩን ይዘው ቆሙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አይቼሃለሁ።»

«ምኑን፣ ኣደይ?»

«ሰርጉ ላይ ዕቃዋን ስታነሣት። ጣትህን እፍ ስትል። ከዚያ ወደ ለተብርሃን ተመልሰህ ሳቅህ።»

ማዘንጊያ ቀና ማለት አቃተው።

«ለእሱ አልነገርኩትም» አሉ። «ለአንተ ክብር ብሎ ነው የተቃጠለው፤ ያንን ለምን አበላሽበታለሁ? አንተ ግን እኔ እንደማውቅ እወቅ።» በሩንም ዘጉት።

ቦርዷ ከአዲስ አበባ እስክትመጣ ጠበቀ። ድንጋዮቹንም የተለቀሙትን ሳይሆን አዲስ ገዛ። በሽቦና በሽቦ መካከል ወፍራም ወረቀት አስገባ፣ ባትሪዋን ለብቻዋ በጠንካራ ሳጥን ውስጥ አኖራት። ለአማቱ ከመስጠቱ በፊት ግን በራሱ ባዶ ገላ ላይ፣ ከሸሚዙ ሥር ታጠቃት። ጉድጓዱ ዘንድ እንደታጠቃት ይሠራል፤ እንደታጠቃት ምሳ ይበላል። «ማዘንጊያ ቦምብ ታጥቋል» እያሉ የሥራ ጓደኞቹ ሣቁበት። ምክንያቱን ለማንም አልተናገረም። ሳጥኗ ወገቡን ላጠችው እንጂ አልጋለችም።

የሽማግሌው ቁስል ጠገግ ሲል ዕቃዋን ወስዶ ለኣቦይ ገብረሃንስ አስታጠቃቸው። ሽማግሌው ማይኩን አስተካከሉና መናገር ጀመሩ፤ የጎረቤቶቻቸውን ወሬ፣ የተማሪዎቻቸውን ነገር፣ የጠፋውን ዝናብ፣ ያፈኑትን ሁሉ። ኣብርሀት ትስቃለች፣ ታለቅሳለች።

ኣደይ አስካለማርያም መጥተው ከባላቸው ጎን ተቀመጡ። መዳፋቸውን ሳጥኗ ላይ አሳረፉ። ንግግሩ እስኪያልቅ ድረስ እጃቸውን አላነሡም። ማዘንጊያ ያንን እጅ ላለማየት ወለሉን ያይ ነበር።