ጋሼ ሙሄና አሮጌዎቹ የሞተር መጋዞች

በሸዋ ሮቢት ገበያ ጀርባ የሞተር መጋዝ በመጠገን የምታውቋቸው አጎቴ አቶ ሙሄ ይመር ባለፈው ሐሙስ ከዙህር ሰላት በኋላ ወደ አኼራ ሄደዋል። ደረታቸውን ታመው ከተኙ ሰንብተው ነበር። ሥራ አቁመው ስለነበር መርዶው ያልደረሳቸው ደንበኞች በቀወትም በደብረ ሲናም እንዳሉ አውቃለሁ፤ ይህን የምጽፈው ለእነሱም ጭምር ነው። እኔ የታናሽ ወንድማቸው የእንድሪስ ልጅ ዘሃራ ነኝ። አባቴ ሲሞት ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው።

ጋሼ ሥራውን የጀመሩት ከአባቴ ጋር ነበር። አንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ሲነሣ ተጥሎ የቀረ አሮጌ የሞተር መጋዝ አግኝተው፣ ፈታተው፣ አጥበው አስነሡት። ቀለሙ ቀይ ስለነበር «ቀዩ» አሉት። ከዓመታት በኋላ ከቀዩ ዘግየት ብሎ የተሠራ ሌላ መጋዝ ጨመሩ፤ ዛሬ እሱም አሮጌ ነው። የሁለቱን ሞተሮች ልዩነት ጋሼ ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም ያስረዱ ነበር።

የቀዩ ሲሊንደር ሰፊ ነው። ዙሩ ዝግ ያለ ነው፤ ነገር ግን ወፍራም ግንድ ውስጥ ገብቶ አይጠፋም። ለሰንሰለቱ የሚያስፈልገውን ዘይት ሠራተኛው ራሱ በአውራ ጣቱ እየገፋ ያጠጣዋል። መያዣው ከሞተሩ ጋር በብሎን የታሰረ ስለሆነ ንዝረቱ በቀጥታ ወደ አጥንት ይገባል። ሁለተኛው ግን ሲሊንደሩ አነስ ያለ፣ ዙሩ ፈጣን ነው። ዘይቱን ራሱ ያጠጣል፤ በመያዣውና በሞተሩ መካከል ንዝረት የሚያበርድ ጎማ አለው። ከሁሉ በላይ መጋዙ ወደ ሰው ሲፈናጠር ሰንሰለቱን ቀጥ የሚያደርግ ፍሬን ተሠርቶለታል። ቀዩ ፍሬን የለውም።

«ቀዩ የተሠራው ለእንጨቱ ነው፤ በዚህኛው ላይ ግን ሰውየውም ታስቦበታል» ይሉ ነበር ጋሼ።

ይህን ሁሉ ለምን እንደሚደጋግሙት የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። አባቴ የሞተው እኔ ገና ጡት ሳልተው ስለሆነ፣ ዛፍ ሲቆርጥ አደጋ እንደደረሰበት ብቻ ነበር የማውቀው። የኒካሄ፣ የጋብቻዬ ቀን ሲቃረብ ጋሼ ወደ ሱቃቸው ጠሩኝና በሩን ገርበብ አድርገው ከፊቴ ተቀምጠው የሆነውን ነገሩኝ። ነፋስ የጣለው ትልቅ ዋርካ የአንድ ገበሬ ማሳ መግቢያ ዘግቶ ኖሮ ሁለቱ ወንድማማቾች ሊቆርጡት ሄደው ነበር። አባቴ የያዘው ሁለተኛውን መጋዝ ነው። ፀሐዩ ሲበረታ ቤንዚኑ ከአየር ጋር በሚቀላቀልበት ካርቡሬተር ውስጥ እየተነነ ሞተሩ አልነሣ አለ። በእኛ ቆላ ይህ የተለመደ ነው፤ ጥላ ሥር አኑሮ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ብቻ ነው መፍትሔው። ጋሼ ግን መጠበቁ ሰለቻቸውና ቀዩን ለአባቴ ሰጡት። አባቴ ግንዱን አጋምሶ ሳለ የመጋዙ ጫፍ ከሥር ያልታየ ቅርንጫፍ ነካ። ተፈናጥሮ አንገቱን መታው። ወደ ከተማ ሳይደርስ በጋሼ እቅፍ ውስጥ አረፈ።

«ቀዩን በእጁ ያስያዝኩት እኔ ነኝ» አሉኝ። «ፍሬን እንደሌለው ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። አፉ በይኝ፣ ልጄ።»

 «ጋሼ፣ አፉ ብያለሁ። አባቴም በእርስዎ ቦታ ቢሆን ያስይዝዎት ነበር» አልኳቸው።

«ይሆናል» አሉ። ፊታቸው ግን አልተፈታም። ከዚያ ቀን በኋላም ሲፈታ አላየሁትም።

ከአባቴ ሞት ወዲህ የጋሼ ሥራ አንድ ነገር ብቻ ሆነ ብል ማጋነን አይሆንም። በይፋት ቆላ የቀዩን ዓይነት መጋዝ የያዘ ሰው አለ ሲባል ከሰሙ በባጃጅም በእግርም ሄደው ያገኙታል። ሰውየውን ቁጭ አድርገው ልዩነቱን ያስረዱታል፤ ከዚያ አሮጌውን ወስደው፣ ፍሬን ካላቸው መካከል ራሳቸው የጠገኑትን ይሰጡታል። ባለቤታቸው እትዬ ሉባባ የሚበላ ሳይኖር ቤቱ በሙት ብረት ሞላ እያሉ ያማርሩ ነበር። እውነታቸውን ነው። ክረምት ላይ እህል ያጠረን ጊዜ ብዙ ነው። የገበያው ሰውም ጋሼን አእምሯቸው ተነክቷል ይል ነበር። እሳቸው ግን ለማንም አልመለሱም።

አንድ ጊዜ ከደብረ ሲና አንድ ጎልማሳ መጣ። የሞተ አባቱን መጋዝ ይዞ ነበር፤ ልክ የቀዩ ዓይነት። እንደ አዲሶቹ ፈጥኖ እንዲዞር አድርጉልኝ አለ። ጋሼ በመጀመሪያ ስለ ካርቡሬተሩ ነገሩት። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የቤንዚኑ መጠን ይቀነሳል፤ እንደዚያ የተስተካከለ መጋዝ ሳይነካ ቆላ ወርዶ ሲሠራ ቤንዚን ያንሰውና ሞተሩ ነድዶ ፒስተኑ ተጣብቆ ይቀራል። ሰውየው ይህን በደስታ ሰማ። መጋዙን ለውጥ ሲሉት ግን ተቆጣ፤ የአባቴን ንብረት ሊቀሙኝ ነው ብሎ ተነሣ። ጋሼ እጁን ያዙት።

«የአባትህ መሆኑን አውቃለሁ» አሉት። «እኔም የወንድሜ አለኝ። ልጆች ካሉህ በዚህ አትቁረጥ።»

ሰውየው የአባቱን መጋዝ መሬት ላይ አስቀመጠ። ከዚያ የጋሼን የራሳቸውን መጋዝ፣ ያንን ሁለተኛውን፣ ይዞ ወደ ዳገቱ ተመለሰ። ጋሼ ከዚያ ወዲህ የራሳቸው የሚሉት የሚሠራ መጋዝ አልነበራቸውም። የሰው ሲጠግኑ ኖሩ።

የወጣትነታቸው ንዝረት ግን በእጃቸው ውስጥ ቀርቶ ነበር። ጣቶቻቸው መጀመሪያ ነጡ፣ ከዚያ ደነዘዙ፤ ብሎን ሲወድቅባቸው የሚያውቁት መሬት ላይ ሲያዩት ነው። ቀጥሎ ጆሯቸው ተዘጋ። የሞተሩን ሁኔታ በጣትም በጆሮም ማወቅ ሲያቅታቸው ክርናቸውን ሞተሩ ላይ እያስደገፉ ያዳምጡ ጀመር። ያም ሲያቅታቸው እኔን ይጠሩኛል። ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ከተዳርኩ በኋላም ከቤቴ እየመጣሁ፣ ደንበኛው መጋዙን ያስነሣል፣ እኔ የሰማሁትን ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ እናገራለሁ፤ ይወፍራል፣ ይቆራረጣል፣ ጋዙን ሲለቁት ዙሩ ቶሎ አይወርድም እያልኩ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙኝና የትኛው ብሎን ምን ያህል እንደሚዞር ያዛሉ። አንድ ቀን ግን በመካከሉ እጄን ያዙና፣ «በቃኝ፣ ልጄ። ሱቁን ዝጊው» አሉ። ሱቁ ያን ቀን ተዘጋ። በኋላ ሐኪም ዘንድ ወስደናቸው ነበር፤ ሳንባቸው ብዙ ተጎድቷል ተብለን ተመለስን።

በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ብዙ አልተናገሩም። አባቴን በስሙ ሲጠሩ እሰማ ነበር፤ ሲጠሩት እንደሚቆጡት ሰው ሳይሆን ምሳ እንደቀረበለት ሰው ነው። የቀብራቸው ቀን ከመቃብሩ ላይ የሚጋደመውን እንጨት ጎረቤቶቻችን በመጥረቢያ ቆረጡት። ቶሎ እንዲያልቅ ሞተር እናስነሣ ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ፀሐይ ላይ ቆመው፣ ላባቸው እየወረደ፣ እየተቀባበሉ ቆረጡ። እትዬ ሉባባ ከሩቅ ሆነው ድምፁን እየሰሙ ያለቅሱ ነበር።

ጋሼ፣ አሁን ከወንድምዎ አጠገብ ተኝተዋል። አላህ ይዘንልዎ፤ ማንም ያላነሣልዎን ሸክም እሱ ያንሣልዎ። በሕይወት ሳሉ ከጋሼ ሌላ ጠርቼዎ አላውቅም። የእንድሪስን የአባትነት ስም ከእኔ አፍ የነጠቁት እንዳይመስልዎ፣ በዚያ ላይ ሌላ ሐዘን እንዳልጨምርብዎ ፈርቼ ነበር። አሁን የሚያስፈራኝ ነገር የለም። ያበላኝ፣ ያስተማረኝ፣ የዳረኝ እጅ የእርስዎ ነው። ደህና ይሁኑ፣ አባዬ።