ቲቡርቲና ላይ የተለቀሰ ልቅሶ

ኖቬምብሬ ሲገባ እዚህ ሮማ ቪያ ቮልቱርኖ መንገድ ጥግ ላይ ያለው አበባ ሻጭ ያንን ጣሊያኖች ለሙታናቸው መቃብር የሚገዙትን ቢጫ አበባ ይደረድራል። መራራ ሽታው ገና አፍንጫዬ ሲደርስ የእናቴ ነገር ይመጣብኛል።

አያቴ ጣሊያን ነበር፣ አስመራ ጋራዥ የነበረው። እናቴ ገና ዳዴ ስትል አገሬ ብሎ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። እሷም በእናቷ አባት ስም ተጠርታ አደገች። ሮማ መጥታ ያን ሁሉ ዘመን የሰው ቤት ስትሠራ፣ መንደሩን እያወቀች አልፈለገችውም። ኩሩ ነበረች። መሞቱን ስትሰማ ግን አላስቻላትም። «አባት ሞቶብኝ ሳላለቅስ ልቅር? አንዴ መቃብሩ ላይ ልጩኽና ይውጣልኝ» አለች።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ጥቁር ለብሳ በአውቶቡስ ይዛኝ ሄደች። የመንደሩ ቄስ ቤተሰቡን ያውቁ ኖሮ «መቃብሩ ከበሩ በስተግራ ነው፤ ሴት ልጃቸውም መቃብሩን ልታጸዳ አሁን እዚያው ናት» አሉን።

ሴትዮዋ ከእናቴ ትንሽ ይበልጣሉ። እብነ በረዱን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላሉ፤ አካባቢው ያንን አበባ አበባ ይላል። ቀና ሲሉ ክው አልኩ። የእናቴ አፍንጫ፣ የእናቴ አገጭ!

«አባቴን ታውቁት ነበር?» አሉ። መልስም ሳይጠብቁ «ልጅ ሆኜ በጠና ታምሜ፣ አፍሪካን ጥሎ የመጣው ለእኔ ሲል ነው» ብለው አለቀሱ።

እናቴን በክርኔ ጎሰምኳት። ንገሪያቸው እንጂ! እሷ ግን እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ «እናቴ አስመራ ቤታቸው ትሠራ ነበር። ደግ ሰው ናቸው ትለኝ ነበር» አለቻቸው። አልቃሽ ልትሆን ሄዳ ልቅሶ ደራሽ ሆና እርፍ! ድንጋዩን እንኳ ሳትነካ ወጣን።

ንድድ አለኝ። አውቶቡስ ውስጥ «ለምን?» ብዬ ጮኽኩባት።

«አሎራ፣ እንግዲህ ምን ልበላት? ለአንቺ ሲል እኔን ነው የጣለኝ ልበላት? ይቅር» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሮማ ተመልሰን ቲቡርቲና አውቶቡስ ጣቢያ ወረድን። እናቴም አስፋልቱ ላይ ዘጭ ብላ ደረቷን እየመታች ታለቅስ ጀመር። ጣሊያኖቹ እያዩን ዞረው ያልፋሉ። ከጣቢያው ጥግ በቅርብ ባሕር አቋርጠው የመጡ ያገራችን ስደተኛ ልጆች ተቀምጠው ነበር። አንዷ ብርድ ልብሷን እንደተከናነበች ሮጣ መጣችና «ማን ሞቶባት ነው?» አለችኝ።

«አባቷ» አልኳት።

የት ሞተ፣ ምን ሆኖ ሞተ፣ ምንም አልጠየቀችም። እናቴ ጎን መሬት ላይ ቁጭ ብላ አብራት አለቀሰች። ሌሎቹም መጥተው ከበቧት። እነሱስ ባሕር ያስቀረው ስንት ያላለቀሱለት ሰው ነበራቸው መሰላችሁ! እናቴም በማታውቃቸው ሰዎች መሐል ሆና «አባዬ! አባዬ!» ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋት። ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ ደግማው አታውቅም።