እትዬ መርፌ የመጡበት ሳምንት

እትዬ መርፌ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የፋብሪካ ባልደረቦቻቸው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ልብስ እየሰፉ አራት ልጆች አሳድገዋል። ባላቸው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ልጅ ሲያለቅስ ግን ከጋዜጣቸው ቀና ሳይሉ «ኧረ አባብይው» ይሉ ነበር። እትዬ መርፌም አንድም ቀን «አንተስ?» ብለዋቸው አያውቁም። ይህ እስከ ዛሬ ይከነክናቸዋል።

የመጨረሻ ልጃቸው ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው፤ የሚሠራውም እዚያው ቤቱ፣ ፊት ለፊት ባለችው ክፍል ውስጥ ነው። የከተማ አውቶቡስ የምትነዳው ሚስቱ የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ ለእናቱ ደወለ።

«እማዬ፣ ነይና ልጅቷን ያዥልን።»

መጡ። ሰኞ ጠዋት ምራታቸው ከመውጣቷ ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች። ልጃቸው ከሥራው ሳይነሳ «እማዬ!» ሲል ተጣራ። እሳቸው እጃቸውን አጣጥፈው እንደተቀመጡ ናቸው።

«አልሰማሽም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ። አባቷ ግን አንተ ነህ።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«አንተን አሳድጌ ስላልጨረስኩ።»

ፊቱ ተቀያየረ፤ ግን ተነሳ። ዳይፐሩን ገልብጦ አሰረው። ወተቱን አፍልቶ፣ እስኪበርድ ከልጅቷ ጋር አብሮ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። እትዬ መርፌ ልጅቷን ለመቀበል እጃቸውን እየበላቸው በአፋቸው ብቻ መሩት። «አንገቷን ደግፍ። ቀስ በል እንጂ፣ ቴሌቪዥን አይደለችም።»

ሐሙስ ዕለት ሕፃኗ ትከሻው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ደንበኛ ሲገባ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ዝም አሰኘው። አመሻሽ ላይ ሚስቱ ስትመለስ ጡጦዎቹን እያጠበ አገኘችው።

«እማዬ፣ ደከሙ አይደል?» አለቻቸው።

«እኔ ምን ሠርቼ?»

ባሏን አየችው። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች፤ ከወለደች ወዲህ ቤት እንደገባች ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነበር።

በማግስቱ የክትባት ቀን ስለነበር እናትና ልጅ ሕፃኗን ይዘው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ነርሷ ካርዱን ይዛ ወደ እትዬ መርፌ ዞረች።

«ትኩሳት ነበራት?»

«አባቷን ጠይቂው።»

እሱም ትናንት ከሰዓት ትንሽ አተኩሷት እንደነበር፣ ከእንቅልፏ ስትነቃ እንደለቀቃት፣ ወተቷንም እንዳልተወች አንድ በአንድ ነገራት። ወረፋ ከሚጠብቁት እናቶች አንዷ ጠጋ ብላ፣

«የእርስዎ ልጅ ነው?» አለቻቸው።

«አዎ፣ የኔ ነው» አሉ፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው።

ሲመለሱ ልጃቸው ሕፃኗን ታቅፎ ከፊት፣ እሳቸው ቦርሳውን ይዘው ከኋላ ሄዱ። አቋራጭ መንገድ ነበር፤ እትዬ መርፌ ግን ሰው ሁሉ እንዲያየው ብለው በዋናው መንገድ ወሰዱት።