አረንጓዴው ጨርቅ

ባቡር ደርሶበት በማያውቀው በጉንደ ወይን፣ የባቡር ሠራተኛ ቆብ ያጠለቀ ሽማግሌ ሲመጣ የብርጓል የተባለች ስንቅ አመላላሽ ሰላይ መስሏት ነበር። ሰውየው ግን ቆላ ውስጥ ያለች የአንዲት ትንሽ ባቡር ጣቢያ ጠባቂ ነበር፤ ጣቢያዋ ጣሊያን ሲገባ ተዘግታ ዛሬ ፍየል ይጠለልባታል። ከዚያ ይዞ የወጣው ቀይና አረንጓዴ ጨርቅ ብቻ ነው። የጣሊያን ካሚዮን ሲመጣ ከጉብታው ላይ ቀዩን ያውለበልባል፤ ለአርበኞች ስንቅ ያዘሉ ሴቶችም ይደበቃሉ። መንገዱ ሲጸዳ «እለፉ» ለማለት ቆቡን ያወልቃል እንጂ አረንጓዴውን ከጉያው አያወጣም።

«አባቴ፣ አረንጓዴውንስ ለምን አያሳዩንም?» አለችው የብርጓል አንድ ቀን፣ ስንቋን እንዳዘለች።

«የመጨረሻውን ባቡር በሱ አሳለፍሁት። ልጆቼ ተሳፍረውበት ነበር። ድልድዩ መመታቱን የሰማሁት ካለፈ ወዲያ ነው።»

ከዚያ መንገዱን ግራና ቀኝ ደጋግሞ ቃኘ። ባዶ ነበር፤ ቆቡን ለማውለቅ ግን ብዙ ቆየ።